በክንድ ስለሚቀበረው የወሊድ መከላከያ እናቶች የሚጠይቁን ጥያቄ



ባለፈው የበልግ ወራት በወላይታ ደጋ ካሉት የፕሮጀክት ቀበሌዎቻችን በአንዱ እናቶችን ሰብስበን ስለ ጓሮ አትክልትና ስለ ሕፃናት አመጋገብ ስናስተምር ሳለ፣ አንዲት የአራት ልጆች እናት ከኋላ ተነሥታ የግራ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበችና «ስለ ካሮት በኋላ ትነግሩናላችሁ፤ መጀመሪያ ይህን ከክንዴ አውጡልኝ» አለችን። ሌሎቹ ሴቶች ሳቁ። እርሷ ግን አልሳቀችም።

ስብሰባው ካበቃ በኋላ ለብቻዋ ስንጠይቃት፣ መከላከያውን ካስቀበረች አምስት ወር እንደሆናት፣ ከዚያም ውስጥ ሰባት ሳምንት ሙሉ ደም እንዳላቋረጣት፣ አሁን ዓይኗ እየጨለመባት ውኃ መቅዳት እንዳቃታት ነገረችን። ባልዋ «ሌላ በሽታ ይዞሻል» ብሎ መኝታ ለይቷል። አማቷ ደግሞ የተቀበረው ነገር ወደ ልብ እየሄደ ነው እያለች ታስፈራራታለች። ሁለት ጊዜ ወደ ጤና ተቋም ሄዳ «ሦስት ዓመቱ መቼ ሞላና፤ ሲሞላ ነይ» ተብላ ተመልሳለች። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረን ግን ሌላ ነው። በመካከሉ ከራሳችን ሠራተኞች አንዱን መንገድ ላይ አግኝታ ነግራው ነበር፤ እርሱም «ታገሺ፣ ሰውነትሽ ይለምደዋል» ብሎ ሸኝቷታል። በዚያው ሩብ ዓመት ለእናንተ በላክነው ሪፖርት ላይ ይህች እናት «አገልግሎቱን ያገኙ» ተብለው ከተቆጠሩት መካከል ነበረች።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይኸው ነው። በየአጥቢያው የሴቶች ኅብረት መሪዎች፣ ሽማግሌዎችና የፕሮጀክት ሠራተኞች ይህን ጥያቄ በየጊዜው ይጠየቃሉ። የሚመልሱት ግን ወይ «አይዞሽ» ነው፣ ወይም «ጣይው» ነው። ሁለቱም መልስ አይደለም።

መከላከያው ምንድን ነው?

በክንድ የሚቀበረው መከላከያ ቀጭንና ለስላሳ የፕላስቲክ ዘንግ ሲሆን ርዝመቱ 4 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ የክብሪት እንጨትን የሚመስል ነገር ነው። በውስጡ የሴት አካል ራሱ ከሚያመነጨው ሆርሞን ጋር የሚመሳሰል መድኃኒት አለበት፤ ይህም በየቀኑ በጣም በጥቂቱ ወደ ደም ይገባል። መጀመሪያ የተሠራው ባለ ስድስት ዘንግ ሆኖ ኖርፕላንት የተባለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1983 በፊንላንድ አገር ተፈቀደ። እርሱ ከቀረ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ሆኖም አንዳንድ እናቶች ዛሬም ማንኛውንም የክንድ መከላከያ «ኖርፕላንት» ይሉታል። ከዚያ በኋላ የመጡት ባለ ሁለት ዘንጉ ጃዴልና ባለ አንድ ዘንጉ ኢምፕላኖን ናቸው። አንዲት እናት የትኛው እንደተቀበረላትና እስከ መቼ እንደሚያገለግላት በተሰጣት ካርድ ላይ ተጽፎ ታገኛለች። ካርዱን ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር አንድ ላይ ብታስቀምጠው መልካም ነው።

በአገራችን መከላከያው ወደ ገጠር በሰፊው የወረደው እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖንን በጤና ኬላ እንዲቀብሩ መሠልጠን ከጀመሩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት ያገቡ ሴቶች ከመቶ 6 ብቻ ነበሩ። በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 35 ከፍ ብሏል፤ ከእነዚህም መርፌ የሚወስዱት ከመቶ 23፣ በክንዳቸው ያስቀበሩት ደግሞ ከመቶ 8 ነበሩ። እንግዲህ መቶ ባለ ትዳር ሴቶች በተሰበሰቡበት የአምልኮ ስፍራ ስምንት ያህሉ ይህን ነገር በክንዳቸው ይዘው ሊቀመጡ ይችላሉ ማለት ነው። ብዙዎቹም ለማንም አልተናገሩም።

አገልግሎቱ እውነተኛ ጥቅም እንዳለው አንክድም። በዚያው የ2016 ጥናት መሠረት በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ይሞቱ ነበር። እናት ከወለደች በኋላ እንደገና ለማርገዝ ቢያንስ ሁለት ዓመት ብትቆይ ለእርሷም ለሕፃኑም እንደሚበጅ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። የክንዱ መከላከያም በዚህ ረገድ እጅግ አስተማማኝ ነው፤ ከአንድ ሺህ ተጠቃሚዎች በመጀመሪያው ዓመት የምታረግዘው አንዲት ገደማ ናት። ክኒን በየቀኑ ማስታወስ ወይም በየሦስት ወሩ ለመርፌ መመላለስ ለሚከብዳት እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«ፅንስ ያስወርዳል ወይ?»

በጉባኤዎቻችን አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ስለሆነ ሳናድበሰብስ እንመልስ። መከላከያው በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛ፣ በማኅፀን ጫፍ ያለውን ፈሳሽ ያወፍረውና የወንዱ ዘር እንዳያልፍ ያግዳል። ሁለተኛ፣ እንቁላል ከቦታው እንዳይለቀቅ ይከለክላል፤ በተለይ ኢምፕላኖን ይህን የሚያደርገው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ነው። ስለዚህ ሥራው መፀነስን መከልከል ነው፤ የተያዘን እርግዝና አያቋርጥም። አንዲት ሴት እርጉዝ መሆኗን ሳታውቅ ቢቀበርላት እንኳ መድኃኒቱ ፅንሱን እንደሚጎዳ የታየ ነገር የለም። የማኅፀንን የውስጥ ሽፋን እንደሚያሳሳም እውነት ነው፤ አንዳንድ ወንድሞች ጥያቄ የሚያነሡት በዚህ ላይ ነው። እኛ ከላይ የተጠቀሱትን ሁለት መንገዶች ስንመለከት ልባችን ያርፋል። ይህን ሁሉ ሰምተው ሕሊናቸው ያላረፈላቸው ባልና ሚስት ካሉ ግን ሌላ ዘዴ ይምረጡ፤ ሠራተኞቻችን በዚህ ጉዳይ ማንንም እንዲገፋፉ አንፈልግም።

ስለ ደሙ

ከሁሉ የሚበዛው አቤቱታ የወር አበባ መለዋወጥ ነው። ይህን ባለሙያው ከመቅበሩ በፊት ሊናገር ይገባል፤ ከተናገረም በግልጽ ይናገር። «ትንሽ ለውጥ ሊኖር ይችላል» ብሎ ማለፍ አይበቃም። በአንዳንዷ ላይ ደሙ ነጠብጣብ እየሆነ በማያስቡት ቀን ይመጣል። በአንዳንዷ ከስምንት ቀን በላይ ይቆያል ወይም ይበዛል። በሌላዋ እየራቀ ይሄዳል። ባለ አንድ ዘንጉን ከሚጠቀሙት መካከል ከአምስቱ በአንዷ ገደማ ጨርሶ ይቀራል። የትኛዋ እናት ምን እንደሚገጥማት አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ እኅቷ ወይም ጎረቤቷ የተስማማት ስለሆነ እርሷንም ይስማማታል ማለት አይደለም።

ደሙ ሲቀር እናቶች «ወዴት ሄደ? ውስጤ ተጠራቅሞ ይመርዘኛል» ብለው ይፈራሉ። የሚጠራቀም ደም የለም። መድኃኒቱ የማኅፀኑን ሽፋን ስላሳሳው የሚፈስስ ነገር አልተዘጋጀም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ቢሆንም ማቅለሽለሽና ሌላ የእርግዝና ምልክት ካለ መመርመር ይገባል።

ደሙ ሲበዛ ወይም አልቆም ሲል «ታገሺ» ከማለት በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። በመጀመሪያ ባለሙያው የደሙ ምክንያት ሌላ እንዳይሆን ያጣራል፤ በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ በሽታ፣ የማኅፀን በሽታ፣ ወይም እርግዝና ሊሆን ይችላልና። ቀጥሎ የደም ማነስ እንዳለ ይመረምራል፤ ካለም የአይረን ክኒን ይሰጣል። ደሙን ለመቀነስ አይቡፕሮፌን 800 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ ለ5 ቀን መስጠት የተለመደ ነው። በዚህ ካልተሻላት፣ ደም ግፊት ወይም ሌላ ከልካይ ነገር ከሌለባትና ሕፃን የማታጠባ ከሆነች፣ የወሊድ መከላከያ ክኒን ለ21 ቀን ሊሰጣት ይችላል። እነዚህ መድኃኒቶች ብዙ ጊዜ ለጊዜው ያግዛሉ እንጂ ደሙ ተመልሶ አይመጣም ብሎ ማንም ሊምል አይችልም። ጨጓራዋን የሚያማት እናትም አይቡፕሮፌንን ከሱቅ ገዝታ በራሷ መዋጥ የለባትም። አስፕሪን ደግሞ ደምን ያቀጥናልና ለዚህ አይሆንም።

በብዙ እናቶች ላይ የደሙ መዛባት ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ዓመት መጠበቅ የሚችል ሁሉ አይደለም። በከተማ ሞዴስ ገዝታ፣ ውኃ ከቧንቧ ቀድታ የምትውል ሴትና ጨርቅ አጥባ በምሥጢር የምታደርቅ የገጠር እናት ሸክማቸው አንድ አይደለም። ኦርቶዶክስ የሆኑ ጎረቤቶቻችን ደም እያለባቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን አይገቡም፤ ለሙስሊም እናቶችም የሶላትና የጾም ጉዳይ ይነሣል። የጤና መጽሐፍ «ጉዳት የለውም» የሚለው ደም በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ሴትን ከአምልኮ፣ ከባልዋና ከማኅበሯ ሊለያት ይችላል። እኛ ወንጌላውያንም ከዚህ የራቅን ነን ብለን አንመካ፤ ለአሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችውን ሴት ታሪክ በመድረክ ስንሰብክ ኖረን፣ ሰባት ሳምንት የፈሰሰባትን እናት መንገድ ላይ ያሳለፍን እኛው ነን።

ሌሎች ነገሮች

ራስ ምታት፣ የጡት መወጠር፣ ብጉር፣ ማዞር፣ የክብደት መጨመር ወይም መቀነስ፣ የስሜት መለዋወጥ የሚያጋጥማቸው አሉ። አብዛኛው ቀላል ነው፤ ብዙውም ጊዜ እያለፈ ይተዋል። ስሜት መለዋወጥን ግን እንደ ቀላል አንይ። ደስታዋ ጠፍቶ የሚያስለቅሳትን፣ እንቅልፍ ያጣችውን እኅት «ጸልዪ» ብለን ብቻ አንሸኛት፤ አብረን እንጸልይ፣ ወደ ጤና ጣቢያም አብረናት እንሂድ።

በተቀበረበት ቦታ ጥቂት መበለዝና ማሳመም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተለመደ ነው። ቦታው ለአራት ቀን ውኃ እንዳይነካው ይጠበቅ። ሴትዮዋ በዚያው ቀን ቀላል ሥራዋን መሥራት ትችላለች። ነገር ግን ቦታው ቢቀላ፣ ቢያተኩስ፣ መግል ቢይዝ ወይም ዘንጉ ብቅ ብሎ ቢታይ በቶሎ ወደ ባለሙያ መሄድ አለባት።

ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስሮጡ ምልክቶችም አሉ፤ እነዚህን የሴቶች ኅብረት መሪዎች በቃላቸው ቢይዙ እንወድዳለን። ከእምብርት በታች የሚበረታ ሕመም፣ ይልቁንም ማዞርና ራስን መሳት ከተጨመረበት፣ ከማኅፀን ውጭ የተያዘ እርግዝና ሊሆን ይችላል። ይህ በመከላከያው ተጠቃሚዎች ላይ እጅግ ጥቂት ጊዜ የሚደርስ ቢሆንም ሲደርስ ነፍስ ያጠፋል። ዓይን ላይ ብልጭታ እያሳየ የሚመጣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የአንድ እግር ማበጥና ማመም፣ ድንገተኛ የደረት ሕመምና የትንፋሽ ማጠርም እንዲሁ ናቸው። የጡት ካንሰር ያለባት ወይም የነበረባት ሴት ይህን መከላከያ መጠቀም አይገባትም፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈስሳትም አስቀድማ ትመርመር።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመድኃኒቶች መጋጨት ነው። የሚጥል በሽታ ያለባቸው እኅቶች የሚወስዱት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን፣ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ከኤችአይቪ መድኃኒቶችም ኤፋቪሬንዝ የተባለው የክንዱን መከላከያ ኃይል ይቀንሱታል። እንዲህ ያለ መድኃኒት የምትወስድ ሴት በክንዷ ተማምና ሳለች ልታረግዝ ትችላለች። ስለዚህ ከመቀበሩ በፊት የምትወስደውን ክኒን ሁሉ ለባለሙያው ትንገር፤ ስሙን ካላወቀች ሽፋኑን ይዛ ትሂድ። መከላከያው ከኤችአይቪና ከአባላዘር በሽታ እንደማይጠብቅም አይዘንጋ።

በወሬ የሚነገረው

ወደ ልብ ወይም ወደ አንጎል ይሄዳል የሚለው ወሬ ከቡና ጠጪ ወደ ቡና ጠጪ ሲተላለፍ ደርሶናል። በትክክል ከቆዳ ሥር የተቀበረ ዘንግ እዚያው ይቀመጣል፤ ቢንሸራተትም ጥቂት ሴንቲሜትር ነው። ከመጠን በላይ በጥልቀት ከተቀበረ ግን ወደ ደም ሥር ገብቶ የተገኘበት እጅግ ጥቂት አጋጣሚ በዓለም ላይ ተመዝግቧል። ስለዚህ ሴቲቱ ራሷ በጣቷ ዳስሳ ልታገኘው ይገባል፤ ገና ከባለሙያው ፊት ሳትነሣ ትዳስሰው። በኋላም ዳስሳ ካጣችው ሄዳ ታሳይ፤ በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ የሚፈለግበት መንገድ አለ።

መካን ያደርጋል የሚለው ሐሰት ነው። ዘንጉ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ መድኃኒቱ ከደም ይጠፋል፤ ሴቲቱም ያለ መዘግየት ልታረግዝ ትችላለች። እንዲያውም ለመመለስ ወራት የሚፈጀው የሦስት ወሩ መርፌ ነው፤ ሰዎች ሁለቱን ስለሚያምታቱ ወሬው ከዚያ የመጣ ይመስለናል። የእናት ጡት ወተት ያደርቃል የሚለውም እውነት አይደለም።

ስለ ማውጣት

እዚህ ላይ ጠንከር ብለን እንናገራለን። ሦስት ዓመት ወይም አምስት ዓመት የሚለው ቁጥር የመከላከያው ጉልበት የሚያልቅበት ቀን ነው፤ የሴቲቱ እስራት የሚያበቃበት ቀን አይደለም። ማንኛዋም ሴት በማንኛውም ቀን፣ ደም ስለበዛባት ይሁን ልጅ ስለፈለገች ወይም እንዲሁ ስላልወደደችው፣ እንዲወጣላት መጠየቅ ትችላለች። ባለሙያ ምክንያቷን ሊጠይቅ፣ ሌላ እርዳታ ሊያሳያት ይገባዋል፤ ሊከለክላት ግን አይገባውም።

ችግሩ ሁልጊዜ ከክፉ ልብ የሚመጣ አይደለም። መቅበር በጤና ኬላ ሲጀመር ማውጣቱ ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ብቻ የተተወ ነበር። ስለዚህ በቀበሌዋ በአሥር ደቂቃ የተቀበረላት እናት ለማስወጣት ሩቅ መንገድ መሄድ ነበረባት። እዚያም ስትደርስ የሠለጠነው ሰው ስብሰባ ሄዷል፣ ወይም ማደንዘዣው አልቋል ልትባል ትችላለች። በተስፋ ማጣት በምላጭ ራስዋ ለማውጣት የምታስብ ሴት አትጠፋም፤ ይህ ለከባድ መመረዝና ለደም መፍሰስ የሚዳርግ ስለሆነ ማንም እንዳያደርገው፣ ማንም እንዳያግዝ አጥብቀን እንለምናለን። በባለሙያ እጅ ግን ቀላል ነገር ነው፤ ማደንዘዣ ይወጋል፣ ትንሽ ይበጣል፣ ዘንጉ ይወጣል፣ መስፋት እንኳ ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም።

ያችን እናት በማግስቱ ከባልዋ ጋር ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ባልዋን ያስከተልነው እንዲፈቅድላት ብለን አልነበረም፤ እንዲሰማ ብለን ነው። ነርሷ እርግዝና አለመኖሩን መረመረች፣ የደም ማነስም አገኘችባት። አይረን ክኒን ሰጥታ፣ ደሙን ለመቀነስ የሚሞከረውን ሁሉ ገለጸችላትና «እንሞክር ወይስ ይውጣ?» ብላ ጠየቀቻት። እናቲቱ «ይውጣ» አለች። ከወጣ በኋላ ባልየው በሳህኑ ላይ ያለችውን ስንጥር የምታህል ነገር ጎንበስ ብሎ አይቶ «ይህች ናት እንዴ?» አለ። ነርሷም ልብ እንዳልደረሰች ነገረችው። በመጨረሻ ሌላ ዘዴ እንዲመርጡ ስትጠይቃቸው ለጊዜው ኮንዶም ወስደው ተመካክረን እንመለሳለን አሉ። «ታገሺ» ብሏት የነበረው ሠራተኛችንም ቤቷ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠይቋታል።

ከዚያ ወዲህ በፕሮጀክታችን የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ሁለት ዓምዶች ጨምረናል፤ አንዱ «ለማስወጣት የጠየቁ»፣ ሁለተኛው «በጠየቁ በሳምንት ውስጥ የወጣላቸው» የሚል ነው። ደጋፊዎቻችን በሚቀጥለው ሪፖርት እነዚህን ቁጥሮች ስታዩ ሥራው ወደ ኋላ ሄደ ብላችሁ እንዳታዝኑ አደራ እንላለን። ለማስወጣት ሩቅ ለሚሄዱ እናቶች የመጓጓዣ ገንዘብም ከዚሁ በጀት እንዲከፈል ተወስኗል፤ የቀበሌ ሠራተኞች ደረሰኙን ከእናቲቱ የካርድ ቁጥር ጋር አያይዘው ለገንዘብ ያዡ ይላኩ። የእናቲቱ ስም በደረሰኙ ላይ አይጻፍ።